«ምን ሆኖ ነው?»፦ እምብዛም ከማይታይ የቆዳ ሕመም ጋር ማደግ

የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ሰው መሃል ሲገባ ሕመሙ ተደብቆለት ነው። የቆዳ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ገና ስሙን ሳይናገር ሕመሙ ቀድሞት ይገባል። ወሬው ቀዝቀዝ ይላል። ዓይን ይሰበሰባል። ከዚያ ጥያቄዋ ትመጣለች፦ «ምን ሆኖ ነው?» ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው ነው። ልጁ እዚያው ቆሞ እየሰማ።

ይህቺ ጥያቄ ከልጁ ጋር አብራ ታድጋለች። መጀመሪያ እናት ሐኪሙን ትጠይቃለች። ቀጥሎ መንገደኛው እናትን ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ሲገባ የክፍል ጓደኞቹ ራሱን ይጠይቁታል። አሥራዎቹ ውስጥ ሲደርስ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን በራሱ ይጠይቃል። ስለ እነዚህ ሕመሞች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቁስሉ፣ ስለ ጂኑና ስለ መድኃኒቱ ነው። እዚህም ይነሳሉ፤ ሳይነሱ አይሆንም። ግን ቁስሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ማወቅ፣ ልጁ እንዴት እያደገ እንደሆነ ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም። ክርክሬ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በነገራችን ላይ እንዲህ ያሉትን ሕመሞች «ብርቅዬ በሽታ» የሚሉ አሉ። ለእኔ አይጥመኝም። ብርቅዬ የምንለው የምንሳሳለትን ነገር ነው፤ ለዚህ የሚሳሳ የለም። «እምብዛም የማይታይ» ይረዝማል እንጂ ይሻላል። በአውሮፓ ኅብረት አንድ በሽታ በዚህ ረድፍ የሚመደበው ከ2,000 ሰዎች ከ1 በላይ የማይዝ ከሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መስፈርቱ በአገሪቱ ከ200,000 በታች ታማሚ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። ሲደመሩ ግን በዓለም ላይ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ይነካሉ ተብሎ ይገመታል። አብዛኞቹ ከጂን ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚጀምሩት በልጅነት ነው።

ስም ፍለጋ

አማርኛ ለቆዳ ሕመም ስም አያንሰውም። እከክ አለ፣ ጭርት አለ፤ ችፌ፣ ብጉንጅ፣ ለምጽ፣ ምች አለ። ስም ያለው ሕመም ሲይዝህ ቢያንስ የምትለው አለህ። «ጭርት ነው» ትላለህ፤ ሰውየው «እሱማ ይለቃል» ይልሃል፤ ወሬው ያልቃል። እምብዛም የማይታየው ሕመም ግን ያለው ስም የግሪክና የላቲን ብቻ ነው። ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ። ኢክቲዮሲስ። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም። ይህ እንኳን ለመንገደኛ ለአያትም አይነገርም።

ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይተወውም። ቅርብ ያገኘውን ስም ይለጥፍበታል። የሚቀረፈው ቆዳ እከክ ይባላል፤ እከክ ከተባለ ደግሞ ይጋባል። ውኃ የቋጠረው ቆዳ የተቃጠለ ይመስላል፤ ከተቃጠለ ያቃጠለው ሰው አለ ማለት ነው። ቆዳቸው በቀላሉ የሚላጥ ሕፃናት ወላጆች «ልጃችሁን ምን አደረጋችሁት?» ተብለው የተጠረጠሩበት ጊዜ አለ። ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያጥቡ ለዋሉ ሰዎች ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም።

ትክክለኛውን ስም ማግኘት ጊዜ ይፈጃል። በአውሮፓ እምብዛም የማይታይ በሽታ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ምልክት አንስቶ የበሽታውን ስም እስኪያውቅ በአማካይ 5 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። አንዳንዱ የቆዳ ሕመም ከውልደት ጀምሮ ስለሚታይ ቶሎ ይለያል። ሌላው ግን ቅባት እየተቀያየረለት ዓመታት ይነጉዳሉ። በሐኪሙ ብዙም አይፈረድም፤ በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያለ ታማሚ አንድም ላያጋጥመው ይችላል። የሚፈረድባቸው የመማሪያ መጻሕፍቱ ናቸው። ለብዙ ዘመን በቆዳ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው። «ቀይ ሽፍታ» ብሎ የተማረ ሐኪም፣ ያው መቅላት ጥቁር ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መስሎ ሲመጣበት ሊያልፈው ይችላል።

ስሙ ሲገኝ እፎይታ ይመጣል። ጸጸትም አይቀርም። «እኔ ምን አድርጌ ነው?» እናትየው ያኔ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የደነገጠችውን ሁሉ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። መልሱ ግን ምንም አላደረገችም ነው። ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ የሚመጡት አባትም እናትም አንድ አንድ የተበላሸ የጂን ቅጂ ሳያውቁት ይዘው ሲገናኙ ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለውጡ ከማንም ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ ይፈጠራል። ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለም። ጣቱ ግን አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀሰረውም እናት ላይ ነው።

ሰዓት የሚበላ ሕመም

ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ያለባቸውን ልጆች «የቢራቢሮ ልጆች» ይሏቸዋል፤ ቆዳቸው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስስ ነው ለማለት። ስሙ ያምራል። ሕመሙ ግን ምንም የሚያምር ነገር የለውም። ቆዳችን ተደራራቢ ነው። የላይኛውን ንጣፍ ከታችኛው ጋር አጣብቀው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ኮላጅን 7 ይባላል፤ ሁለቱን ንጣፎች እንደ መልሕቅ ቆልፎ ይይዛል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ከጎደለ ወይም ከተበላሸ ትንሽ ፍትጊያ ይበቃል። ንጣፎቹ ይላቀቃሉ፣ መሃላቸው ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ቁስል ይሆናል። ከ50,000 ሕፃናት 1 ያህሉ ይህን ይዞ እንደሚወለድ ይገመታል። ደረጃው በጣም ይለያያል። አንዱ ብዙ ሲራመድ እግሩ ብቻ ይቆስላል። ሌላው በሕፃንነቱ ይሞታል። መሃል ላይ ያሉት ያድጋሉ።

ሕፃኑ ብብቱን ተይዞ አይነሳም። አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላው ከአንገቱ ኋላ ገብቶ ነው የሚነሳው። ልብሱ ተገልብጦ ይለበሳል፤ ስፌቱ ቆዳውን እንዳይፍቀው። ፕላስተር ክልክል ነው፤ ሲላጥ ቆዳውን ይዞ ይላጣል። ውኃ የቋጠረው ቦታ በንጹሕ መርፌ ይበሳል፤ ካልተበሳ እየሰፋ ይሄዳል። ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ግን አይነሳም። ከእሱ የተሻለ ፋሻ የለም። በከባዱ ዓይነት ጉሮሮም ይቆስላል፤ ጠባሳው ጉሮሮውን ያጠብበዋል፤ መዋጥ ራሱ ትግል ይሆናል። ጣቶች በተደጋጋሚ ቁስል እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ እጁ ጣት የሌለው ጓንት ያጠለቀ እስኪመስል። ታማሚዎቹ ሲጠየቁ ታዲያ ብዙዎች «ከሁሉም ያስቸገረኝ» የሚሉት ማሳከኩን ነው። መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ። ብታክ ቆዳው ይላጣል። ባታክ እንቅልፍ የለም።

ሰው የማያየው ትልቁ ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ከባዱ ዓይነት ባለበት ቤት ገላ ማጠብና ፋሻ መቀየር ሰዓታት ይፈጃል። ዛሬ ተሠርቶ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደገና። የደረቀው ፋሻ በውኃ ይርሳል፣ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል፣ ልጁ ያለቅሳል። እያላቀቀ የሚያስለቅሰው ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ሰው ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሌላ ልጅ ሲያመው ወደ እናቱ ይሮጣል። ይህ ልጅ ሮጦ የሚጠጋት እናትና የምታሳምመው እናት አንድ ናቸው። የማያውቃት ነርስ ብትሆን ጠልቷት ይገላገል ነበር። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህ ስለሚገባቸው ሥራውን ይከፋፈሉታል። አንዱ ፋሻ ይፈታል፤ ሌላው ተረት ያወራል፣ ያዘፍናል፣ ልጁ ራሱ ከየትኛው እግር እንደሚጀመር እንዲመርጥ ያደርጋል። ከቀኝ ወይስ ከግራ? ትንሽ ነገር ናት። ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ ልጁ የሚያዝባት ብቸኛዋ ነገር እሷ ናት።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ደሙ ይጠየቃሉ። መጠየቁም ልክ ነው። «በቀን ስንት ሰዓት ይወስድባችኋል? ከየትኛው ሥራችሁ ቀንሳችሁ ነው? ታላቅ እህቱስ በዚያ ሰዓት ምን ትሆናለች?» የሚለው ግን ብዙም አይጠየቅም። ስለማይጠየቅ አይመዘገብም፤ ስለማይመዘገብም አንድ አዲስ ፋሻ ሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ቢያወርድ እንደ ትልቅ ሕክምና አይቆጠርለትም። ለእኔ ግን ትልቅ ሕክምና ነው።

የሚበዛ ቆዳ፣ የማይጠገን ቆዳ

ኢክቲዮሲስ በሌላው ጫፍ ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻው ዓሣ የሚለው ቃል ነው። ጤነኛ ቆዳ በአራት ሳምንት ገደማ ራሱን ያድሳል፤ አሮጌው ሳናየው ይረግፋል። እዚህ መርገፉ ተበላሽቷል። ቅርፊት ይከመራል፣ ይሰነጠቃል። ቀለል ያለው ዓይነት ከ250 ሰው 1 ያህሉ ላይ አለ፤ ደረቅ ቆዳ ተብሎ የሚታለፍ። እምብዛም የማይታዩት ከባዶቹ ናቸው። ከሁሉ የከበደው ሃርለኩዊን የሚባለው ነው። በ1750 በሰሜን አሜሪካ ቻርልስተን የነበረ ኦሊቨር ሃርት የሚባል ቄስ ስለ አንድ እንዲህ ያለ አራስ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። የሕመሙ የመጀመሪያ መግለጫ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። መንስኤው የሆነው ኤቢሲኤ12 የሚባል ጂን የታወቀው ግን በ2005 ነው። ከመግለጫው እስከ መንስኤው 255 ዓመት።

ድሮ እንዲህ ያለ ሕፃን የሚኖረው ቀናት ብቻ ነበር። በ2011 የወጣ፣ 45 ታማሚዎችን የተመለከተ ጥናት 25ቱ በሕይወት እንዳሉ አሳየ። ከእነሱም ውስጥ 25 ዓመት የሞላው ነበረ። ጥያቄው «ስንት ቀን ይቆያል?» ከሚለው «ትምህርቱስ እንዴት ይሁን?» ወደሚለው ተሻገረ ማለት ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ሕክምናው ገና ብዙም አልተዘጋጀም።

ምክንያቱም የዚህ ልጅ ችግር ክፍል ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅርፊቱ የላብ መውጫውን ስለሚደፍነው ላቡ አይወጣም። ላብ ካልወጣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሌላው ሲያልበው እሱ እየጋለ ይሄዳል። ውኃ የሚረጭበት ጠርሙስ አብሮት መኖር አለበት፤ «ምን ያጨማልቅሃል?» የሚል አስተማሪ ካለ አለቀ። ጆሮውም ውስጥ ቅርፊት ስለሚጠራቀም መስማት ይቀንሳል። አስተማሪው «አይከታተልም» ብሎ ይጽፍበታል። ልጁ ይከታተላል፤ አይሰማም እንጂ። ሳይነገር የሚቀር ሌላም አለ፦ እንደ ቫዝሊን ያሉ ቅባቶች ልብስና አንሶላ ላይ ሲጠራቀሙ ጨርቁ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሻማ፣ ሲጋራና ምድጃ ካጠገቡ ይራቁ።

ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ደግሞ የጥገና ችግር ነው። ፀሐይ የሁላችንንም ዲኤንኤ በየቀኑ ትጎዳለች። ሴሎቻችንም በየቀኑ ይጠግኑታል። እነዚህ ልጆች ጥገናው የላቸውም። ይህን ጄምስ ክሊቨር በ1968 አሳየ። በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው አዚዝ ሳንጃር የተሸለመውም ይህንኑ የጥገና መንገድ በመዘርዘሩ ነው። ጥበቃ ያላገኘ ልጅ የመጀመሪያው የቆዳ ካንሰር የሚወጣበት ገና በ9 ዓመቱ ገደማ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ስትነካቸው ክፉኛ ይቃጠላሉ፤ ያ ቶሎ ያስነቃል። ግማሽ ያህሉ ግን አይቃጠሉም። የእነሱ ምልክት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ፊታቸውን የሚሞላው ጠቃጠቆ ነው። ጠቃጠቆ ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም።

እነዚህ ልጆች ቀን ሲወጡ ፊታቸው በጭምብል፣ እጃቸው በጓንት ተሸፍኖ ነው። የቤታቸው መስኮት አልትራቫዮሌት የሚያግድ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ደመናም መስታወትም ሙሉ መከላከያ አይሆንም። ውጭ የሚጫወቱት ሲመሽ ነው። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። በደንብ የተጠበቀው ልጅ ቆዳው ንጹሕ ነው፤ የሚያስገርመው ጭምብሉ ነው። ወላጆቹ በተጠነቀቁለት ቁጥር ይበልጥ ዓይን ይበዛበታል። ጭምብሉን ቢያወልቅ እንደማንኛውም ልጅ ይሆናል፤ ለጥቂት ዓመታት።

ዓይን

ጨቅላ ልጅ ስለ ቆዳው አይጨነቅም። ለእሱ ቆዳ ማለት ይሄው ነው። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ራሱን ከሌሎች ጋር ማስተያየት ይጀምራል። እኩዮቹ ጥያቄ አያባክኑም። «ያምሃል? ይጋባል? መሮጥ ትችላለህ?» መልስ ካገኙ ወደ ጨዋታቸው ናቸው። የሚከብደው ትልቁ ሰው ነው። ትልቅ ሰው አይጠይቅም። የራሱን ልጅ ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል፤ ወይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ ክፋት የለውም፤ ከልብ ነው። ነገር ግን በቀን አሥር ጊዜ የሚመጠጥለት ልጅ፣ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሆኖ እንደተወለደ ያምናል።

መልካቸው ከሌላው የተለየ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር አለ። የምልክቱ ስፋትና የሰውየው ጭንቀት እኩል አይሄዱም። መላ ሰውነቱ የተሸፈነ ሰው ደህና ሲኖር፣ እጁ ላይ ያለች አንዲት ነገር ከቤት ያስቀረችው ሰው ይገኛል። የኔ ግምት ይህ ነው። ጎልቶ የሚታይ ሕመም ያለበት ልጅ የሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ቀድሞ ያውቃል። የሚደበቅ ቦታ ላይ ያለበት ግን ሁልጊዜ እየተጠባበቀ ነው፤ እጅጌው ከፍ ይል ይሆን? ያየኝ ሰው አለ? ስለዚህ ሐኪም «ያንተ እንኳን ቀላሉ ዓይነት ነው» ሲል ለማጽናናት ቢሆንም ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ቀላል ነገር ተብሎለት እንዴት ያማርራል?

ጄምስ ፓርትሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በ18 ዓመቱ በመኪና እሳት ፊቱ ክፉኛ ተቃጠለ። በ1992 ቼንጂንግ ፌስስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ያስተማረው አንድ ዘዴ ሦስት እርምጃ አለው፦ አስረዳ፣ አረጋጋ፣ ወሬ ቀይር። «ቆዳዬ ቶሎ ይቆስላል። አይጋባም። አንተ የስንተኛ ክፍል ነህ?» አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ልጁ የጥያቄው መሪ ይሆናል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ልጆች ቤት ውስጥ በጨዋታ መልክ ሊለማመዱት ይችላሉ። ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ማስረዳት ሥራ ነው። ማንም ልጅ አውቶቡስ በጠበቀ ቁጥር አስተማሪ የመሆን ግዴታ የለበትም። «ዛሬ ስለሱ ማውራት አልፈልግም» የሚለውን መልስም እንደ ፊተኛው መማር አለበት። ወላጁም ልጁ ይህን ሲል «ተው፣ ሰውየውን አስቀየምከው» ማለት የለበትም።

ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ የማየው ጥፋት ከልክ በላይ መጠንቀቅ ነው። ቆዳው የሚላጥ ልጅ ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ ዳር ተቀምጦ ጃኬት እንዲጠብቅ ይደረጋል። ጠባቂ ሆኖ ያድጋል። የተሻለው ነገር ሒሳቡን ለልጁ ማሳየት ነው። ዛሬ ግማሽ ሰዓት ብትጫወት ማታ እግርህ ሦስት ቦታ ይቆስላል፤ ነገ መራመድ ያስቸግርሃል። ያዋጣሃል? አንዳንድ ቀን አያዋጣውም፤ ይቀራል። የጓደኛው ልደት ቀን ግን ያዋጣዋል። ቁስሉን አውቆ ይገዛዋል። ለወላጅ «እሺ» ማለት የሚከብደው እዚህ ነው፤ ማታ ቁስሉን የሚያጥበው እሱ ነዋ።

አሥራዎቹ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ልጅቷ ቅባት መቀባት ታቆማለች። ሁለት ሰዓት መታጠቢያ ቤት መቆየት ይሰለቻታል። በሐኪም ቋንቋ «ሕክምናዋን አትከታተልም» ይባላል። እስቲ ግን ሌላ የትኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለማንም የማይታይ ሥራ የሚሠራው? ስልኳ ላይ የምታየው ፊት ሁሉ በፊልተር ተለስልሷል። ፍቅርም እየመጣ ነው። እስከ ዛሬ የነካት ሰው ሁሉ ጓንት ያደረገ ወይም ቅባት የያዘ ነበር። ያለ ምክንያት፣ ዝም ብሎ እጇን የሚይዝ ሰው ለእሷ አዲስ ነገር ነው፤ ቶሎ ላታምነውም ትችላለች።

መድኃኒቱስ?

ተስፋው የውሸት አይደለም። በ2015 ጀርመን ቦኹም ከተማ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ያለበት አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገባ። አብዛኛው ቆዳው ወልቋል። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ ሞክረው አልሆነም። ከጣሊያን ሞዴና የሚኬሌ ደ ሉካ ቡድን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ወሰደ፤ ጂኑን አስተካክሎ ቤተ ሙከራ ውስጥ አባዛው፤ በንጣፍ በንጣፍ መልሶ 80 በመቶ የሚሆነውን አካሉን ሸፈነው። በ2017 ለዓለም ተነገረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ የተተከለው ቆዳ ጸንቶ ነበር፤ ያልተተከለበት ቦታ ግን አሁንም ይቋጥራል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። በግንቦት 2023 አሜሪካ የሚቀባ የጂን ሕክምና ፈቀደች፤ ቫይጁቬክ ይባላል። ኮላጅን 7 የሚሠራውን ጂን ቁስሉ ውስጥ የሚያደርሰው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ነው፤ ያው ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች መታኝ» የምንለው። እንዳይራባ ተደርጎ የጂን ተሸካሚ ሆነ። ጂኑ ከሴሉ የራሱ ጂን ጋር ስለማይዋሃድ ሥራው ያልቃል፤ በየሳምንቱ መደገም አለበት። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ከታማሚው ከራሱ ሴል ተሠርቶ ቁስል ላይ በክር የሚሰፋ ንጣፍ ተፈቀደ፤ ዜቫስኪን ይባላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሰው ያልሠራው ነው። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ያለበት አንድ ሰው ላይ ጂኑ በራሱ ጊዜ ታርሞ የዳነ የቆዳ ክፍል እንዳለ አሳየ። ሁሉም ዙሪያው ሲላጥ እሱ አይላጥም።

የእነዚህ ሕክምናዎች ዋጋ ግን የሚቀመስ አይደለም። በዚያ ላይ የሚሠሩት ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ብቻ ነው። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ልጅ ዛሬ የሚያስፈልገው የማይጣበቅ ፋሻ፣ ብዙ ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያና ሰፊ ባርኔጣ ነው። በብዙ ቦታ ቅባቱና የፀሐይ መከላከያው ከመድኃኒት ሳይሆን ከመዋቢያ ዕቃ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ከኪሱ ይገዛል። በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ ሁለት ውሳኔዎች አሳልፏል፤ አንዱ ስለ ቆዳ በሽታዎች፣ ሌላው እምብዛም ስለማይታዩ በሽታዎች። እነዚህ ልጆች ሁለቱም ውስጥ አሉ። እኔ ውሳኔዎቹን የምለካው ቫዝሊኑ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚሸጥ በማየት ነው።

18 ዓመት ሲሞላ ፋይሉ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ይዛወራል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው ነርስ ትቀራለች። አዲሱ ሐኪም ሕመሙን ከመጽሐፍ ብቻ ያውቀው ይሆናል። ለአንዳንዶች ደግሞ ይህ በጣም የሚያስፈራ ጊዜ ነው። ከባዱ ዓይነት ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ባለባቸው ወጣቶች ላይ በማይድን ቁስል መሃል የቆዳ ካንሰር ይነሳል፤ በየጥቂት ወሩ መላ ሰውነት መታየት አለበት። ቁስሉን እስከዚያ ሲያይ የኖረው የእናት ዓይን ነበር። ስለዚህ ርክክቡ 18 እስኪሞላ አይጠብቅም። ጎበዝ ሐኪም ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ወንበሩን ወደ እሱ ያዞራል። እናትን ለአምስት ደቂቃ ውጭ እንድትጠብቅ ይጠይቃል። በሩ ላይ ትንሽ ትቆማለች፤ ከዚያ ትወጣለች።

አንድ ቀን ደግሞ ያው ልጅ አድጎ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ልጅ ብወልድስ፣ ምን ይሆናል?» እናቱ ያኔ ስትጠይቅ መልስ አልነበረም። አሁን አለ። ሕመሙ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ዓይነት ከሆነና የትዳር ጓደኛው ጂኑን ካልያዘች፣ ልጆቻቸው ሁሉ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ ቆዳቸው ግን ጤነኛ ይሆናል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረስ ከሆነ ደግሞ በየእርግዝናው 50 በመቶ ነው። 50 በመቶውን ሲሰማ ዝም የሚል አለ። «ቢሆንስ? እኔ አውቅበታለሁ» የሚልም አለ።